ሁለቴ ጠርቶ የተቋረጠው ስልክ

ከባለቤቴ ከሰይፉ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የሠራነው ሥራ መስኮት መሸፈን ነበር። ኅዳር ላይ፣ ቅዳሜ ቀን። ሚኒሶታ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ከባዱ ብርድ ሳይገባ መስኮቶቹን ከውስጥ በስስ ፕላስቲክ እንለብጣለን። ዳር ዳሩን በማጣበቂያ ካስያዝን በኋላ በፀጉር ማድረቂያ እናሞቀዋለን። ሲሞቅ የተጨማደደው ፕላስቲክ ይወጠርና መስተዋት ይመስላል። እሱ ጠርዙን ያዘ፣ እኔ ማድረቂያውን ያዝኩ። «ሰብልዬ፣ ወደዚያ አዙሪው፣ እኔ መስኮት አይደለሁም» አለኝ። ስድስት መስኮት ሸፈንን። ሰባተኛው የእናቱ ክፍል ነበር። ተኝተው ስለነበር ሌላ ቀን እንጨርሰዋለን ብለን ተውነው።

ሰኞ ዕለት ቢሮው ውስጥ ልቡ ቆመ። አርባ ስምንት ዓመቱ ነበር።

የምጽፈው በዚያው ብርድ፣ በፈረንጆቹ 2019 መጀመሪያ ላይ ስላጋጠመኝ ነገር ነው። እስከ ዛሬ የነገርኩት ለሦስት ሰው ብቻ ነው። አንዷ አማተበች፣ አንዱ ሳቀ፣ ሦስተኛው እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ቀስ እያልኩ ልጻፈው ብያለሁ። ከሰይፉ ወዲህ ሁሉን ነገር የምሠራው ቀስ እያልኩ ነው።

አስቀድሜ ስለ ሥራው ልናገር፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባም።

ሰይፉ ኢንጂነር ነበር። አሥር ዓመት ፕሊማውዝ በምትባል የሚኒያፖሊስ ዳርቻ ባለ አንድ ድርጅት ሠራ። እሱ የሚያዛቸው ኮምፒውተሮች ስክሪን የላቸውም፣ የሚጻፍበት ቁልፍም የላቸውም። ፓምፕ ወይም ማሞቂያ ሆድ ውስጥ የሚቀመጡ፣ ጥፍር የሚያህሉ ነገሮች ናቸው። ፕሮግራሙን ይጽፍላቸዋል፤ ከዚያ ማንም ሳያያቸው ለዓመታት ያንኑ አንድ ሥራ ይሠራሉ። እንዴት ነው የምትጽፈው ብዬ ስጠይቀው፣ «መጀመሪያ የምጽፈው ነገሩ ሲበላሽ ምን እንደሚያደርግ ነው። ደህና ሲሆን የሚያደርገውን ማንም ይጽፈዋል» ይለኝ ነበር።

በአርባ አምስት ዓመቱ ይህን ሥራ ለቆ ስታርትአፕ፣ ገና የተቋቋመ ትንሽ ድርጅት፣ ገባ። እኔ ተቆጣሁ። እናቱ እማማ ትርፌ ያኔ ከአዲስ አበባ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ጀምረው ነበርና፣ «ልጄ ሥራ ፈታ» ብለው ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ አወሩ። አልተሳሳቱም፤ የገባበት የመጀመሪያው ድርጅት ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። አለቆቹ ልጆቹ ሊሆኑ የሚችሉ ወጣቶች ነበሩ። ሲበላሽ ምን ይሆናል እያለ ስብሰባ ላይ ሲያስቸግራቸው «ሚስተር ዊንተር»፣ አቶ ብርድ፣ የሚል ስም አወጡለት። ቤት መጥቶ ሲነግረን እየሳቀ ነው።

በኋላ ዳን ከሚባል ጓደኛው ጋር ሚኒያፖሊስ ውስጥ አንዲት ክፍል ይዘው፣ ቤት ብቻቸውን ለሚውሉ አዛውንቶች የሚሆን ሳጥን መሥራት ጀመሩ። ሳጥኑ የቤቱን ሁኔታ እየጠበቀ ችግር ሲኖር ለልጆች የሚያሳውቅ ነበር። ሐሳቡን ያመጡት ሳያውቁት እማማ ናቸው። ሁለታችን ሥራ ስንሄድ ብቻቸውን ነበር የሚውሉት። ቤታችን በየጥጉ ሳጥን ነበረበት። ሰይፉ ከሞተ በኋላ ዳን መጥቶ አንድ በአንድ ሰብስቦ ወሰዳቸው።

ሌላ ደግሞ መናገር ያለብኝ የሚስኮል ነገር አለ። አዲስ አበባ ሳለን፣ ገና ሳንጋባ፣ ካርድ ስለማይበረክትልን በሚስኮል ነበር የምንነጋገረው። ስልኩ አንዴ ጠርቶ ከተቋረጠ «ደህና ደርሻለሁ» ነው። ሁለቴ ከጠራ «ነይ» ነው። ሌላ ምልክት አልነበረንም፣ አላስፈለገንምም። አሜሪካ መጥተን ስልክ እንደ ልብ ከሆነ በኋላም አልተውነውም። በበረዶ ነድቶ ፕሊማውዝ ሲደርስ አንዴ ይደውላል። አስቤዛ ጭኖ በራችን ላይ ሲቆም ሁለቴ ይደውላል፤ ወጥቼ አግዘዋለሁ።

በአርባው ዕለት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ሰው እየተመገበ ነበር። ስልኬ አንዴ ጠርቶ ተቋረጠ። አውጥቼ ሳየው «ሰይፉ» ይላል።

የእሱን ስልክ ሆስፒታሉ ከልብሱ ጋር በላስቲክ አድርጎ ሰጥቶኝ፣ በእጄ አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ቤት እንደገባሁ ካፖርቴን ሳላወልቅ መሳቢያውን ከፈትኩ። እንዳስቀመጥኩት ነው። ለማብራት ሞከርኩ፤ ባትሪው ሞቷል።

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን አልፈራሁም። አርባው ነው፣ ደህና ደርሻለሁ እያለኝ ነው አልኩ። ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ። ለእማማ አልነገርኳቸውም።

እማማ በዚያ ሰሞን ደህና አልነበሩም። ሐዘን እንደያዙ መሬት ወርደው መተኛት ጀመሩ። የአገራችን ወግ ነው፤ ምንም አላልኩም። አርባው ካለፈ በኋላ ግን አልጋ ላይ ይውጡ ብዬ ብለምናቸው እሺ አላሉኝም። በቀብሩ ዕለት መሬቱ በረዶ ጨብጦ ስለነበር መቃብሩ የተቆፈረው በማሽን ነው። እማማ ያን ድንጋይ የሚመስል አፈር አይተውታል። ክንዴን ያዙና፣ «እዚያ ታች ይበርዳል?» አሉኝ። ከሥር መሬቱ ሞቃት ነው አልኳቸው። አላመኑኝም።

በጥር መጨረሻ ያ ሁሉም የሚያወራው ብርድ መጣ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ፖስታ ቀረ። እኔ የምሠራው ብሉሚንግተን፣ ኤርፖርቱ አካባቢ ባለ ሆቴል ነው፤ ሆቴል በብርድ አይዘጋም። ማለዳ የእማማን ቁርስ አስቀምጬ፣ ግንባራቸውን ስሜ ወጣሁ። ቤቱ ሞቆ ነበር። ይህን ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ቤቱ ሞቆ ነበር።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ ከጫልቱ ጋር ፎጣ እያጠፍን ነበር። ጫልቱ የወለጋ ልጅ ናት፣ ስምንት ዓመት አብረን ሠርተናል። ስልኬ ጋሪው ላይ ነበር። ጠራ። አንዴ። ሁለቴ። ተቋረጠ። «ሰይፉ» ይላል።

ጫልቱም አየችው። ቀብሩ ላይ ነበረች። ምን ማለት እንደሆነ ነገርኳት፤ አንዴ ሲጠራ ምን እንደነበረ፣ ሁለቴ ሲጠራ ምን እንደሆነ። ያጠፈችውን ፎጣ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ስሚኝ ሰብለ። የሞተ ሰው ሲጠራ አቤት አይባልም።»

እንዲህ ያለውን ነገር እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ሙት በሕልም መጥቶ ተከተለኝ ሲል የተከተለው አይመለስም ይባላል። አዲስ አበባ አስተማሪ የነበርኩ ሰው ነኝ፤ ተማሪዎቼ እንዲህ ሲሉ እስቅባቸው ነበር። ያን ቀን አልሳቅሁም። ጫልቱ ስልኬን አንስታ አጠፋችና ኪሷ ከተተችው። እስከ መውጫ ሰዓት እኔ ጋ ይቆያል አለች። እኔም አልከለከልኳትም። ልናገር፣ ደስ ብሎኛል። ስልኩ ከእጄ በመውጣቱ ደስ ብሎኛል።

አንድ ሰዓት ያህል ፎጣ አጠፍኩ። ያጠፍኩትን እዘረጋና መልሼ አጥፋለሁ። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ሰይፉ ሁለቴ ጠርቶኝ የቀረሁበት ቀን የለም። አስቤዛ ይዞ በር ላይ እንደቆመ፣ እጁ እንደሞላ፣ በሩን እንደሚያይ ታየኝ። ሞትም ከሆነ ይሁን አልኩ። ከዚያ ወር በፊትም ሆነ በኋላ ይህን ብዬ አላውቅም፣ ግን ያኔ ብያለሁ።

«ስልኬን ስጪኝ» አልኳት።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ጠራኝ እኮ።»

ጫልቱ እጇን ኪሷ ከተተች። ከዚያ ስልኩን ሰጠችኝ፤ የራሷን ወፍራም ጓንትም አውልቃ አለበሰችኝ። «ሙት ሲጠራሽም እጅሽ ይበርደዋል» አለች። አልሳቀችም።

መንገዱ ባዶ ነበር። ፀሐይ ወጥታለች፣ ግራና ቀኟ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ፀሐዮች ቆመዋል። ብርዱ ሲከፋ እዚህ አገር እንዲህ እንደሚታይ ሰይፉ አሳይቶኛል፤ አየር ላይ ያለ በረዶ ነው የሚሠራው። እያወቅሁም አይኔን ከሦስቱ ፀሐይ ላይ መንቀል አቃተኝ። የስኔሊንግን መንገድ ይዤ ወደ ቤታችን ስታጠፍ ከሁሉም ጣሪያ ነጭ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣ ነበር። ከእኛ ጣሪያ ምንም አይወጣም።

በሩን ስከፍት መጀመሪያ የሰማሁት ዝምታውን ነው። ሂተሩ ሲሠራ ቤቱ ይተነፍሳል፤ የመስኮቱም ፕላስቲክ ቀስ እያለ ያብጣል፣ ይሟሽሻል። ያን ቀን ፕላስቲኩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ትንፋሼ ይታየኛል።

እማማ ክፍላቸው ውስጥ፣ ካልሸፈንነው ሰባተኛ መስኮት ሥር፣ መሬት ላይ ተኝተዋል። ጋቢያቸው በደንብ ታጥፎ አጠገባቸው ተቀምጧል። የለበሱት ጥቁር ቀሚሳቸውን ብቻ ነው። መንቀጥቀጥ ካቆሙ ቆይተዋል። ጠራኋቸው። አይናቸውን ገለጡ፤ ምላሳቸው ተሳስሮ ነበር።

«ልጄ እዚያ እየበረደው እኔ ልሙቅ?» አሉኝ።

ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ፣ ወርደው ከሂተሩ አጠገብ ያለውን ቀይ ማጥፊያ ራሳቸው ነበር ያጠፉት። «እማዬ፣ ይቺን እንዳትነኪ፣ ቤቱ ይቀዘቅዛል» ብሎ ያሳያቸው ሰይፉ ነበር።

911 ደውዬ አምቡላንስ ጠራሁ። እስኪመጡ ብርድ ልብስ ሁሉ አምጥቼ ደራረብኩና ገብቼ አቀፍኳቸው። እንጨት ነበሩ። ከመጡት ሰዎች አንዱ፣ «ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ…» ብሎ ጀመረና እማማን አይቶ ተወው። ሌላው ቤዝመንት ወርዶ ሂተሩን ሲያበራ፣ ከኋላው አንድ ሳጥን እንዳለና አረንጓዴ መብራት እንደሚበራበት ነገረኝ።

እማማ ሆስፒታል አራት ቀን ቆይተው ተመለሱ። ዳንም መጣ። ሳጥኑን ሲያየው ወዲያው አወቀው፤ ሰይፉ መጀመሪያ በእጁ የሠራው ነበር። እዚህ መኖሩን ዳንም አያውቅም። የሚደውለው በሰይፉ የድሮ ቁጥር ነው፤ ፕሊማውዝ ሳለ ይዞት በነበረው። ስታርትአፕ ሲገባ አዲስ ቁጥር አወጣ፣ የድሮውን ግን ለሳጥኑ ሰጥቶት ኖሯል። በእኔ ስልክ ላይ ሁለቱም ቁጥሮች «ሰይፉ» ተብለው ነው የተመዘገቡት።

ዳን እንደነገረኝ በዚህ ጉዳይ ብዙ ተጨቃጭቀዋል። እሱ ሳጥኑ በጽሑፍ ያሳውቅ ይላል፣ ሰይፉ ይደውልና ይዝጋ ይላል። ለምን እንደሆነ ሰይፉ አስረድቶት አያውቅም። ዳን ኮምፒውተሩን ከሳጥኑ ጋር አገናኝቶ ፕሮግራሙን ከፈተ። ሰይፉ ለራሱ ማስታወሻ የሚጽፈው በአማርኛ ነበር፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። «ሁለት ዓመት ሙሉ ምን እንደሚሉ ሳላውቅ ነው አብሬያቸው የሠራሁት» አለና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው።

ሳጥኑ መብራት ጠፍቶበት ሲነሳ ወደ እኔ አንዴ ይደውላል። ማስታወሻው «ደህና ደርሻለሁ» ይላል። ቤቱ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚደውለው ለሰይፉ ለራሱ ነው። ሩብ ሰዓት ይጠብቃል። ቀጥሎ ያለውን መስመር ለዳን ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ ከዚያ ተረጎምኩለት፦

«እኔ ካላነሳሁ ወደ ሰብለ። ሁለቴ ብቻ። ትመጣለች።»

ዳን መነጽሩን አውልቆ ተቀመጠ።

በኋላ ሳጥኑ የያዘውን መዝገብ አየልኝ። ያ የብርድ ቀን አለ፤ ለሰይፉ የተደወለበት ደቂቃ፣ ለእኔ የተደወለበት ደቂቃ። የአርባውን ዕለት ፈልግልኝ አልኩት። ፈለገ። ያን ቀን ሳጥኑ አልጠፋም፣ አልተነሳም፣ አልደወለም። መዝገብም አንዳንዴ ይስታል አለኝ ዳን። ሊስት ይችላል። እኔም አልተከራከርኩትም።

ለወራት ያን ሰዓት ፈርቼዋለሁ፤ ፎጣ ሳጥፍ ያለፈውን፣ ስልኬ ጫልቱ ኪስ ውስጥ የነበረበትን። ትመጣለች ብሎ የጻፈ ሰው በእኔ ላይ ያንን ያህል እርግጠኛ ነበር። እኔ ግን ለመቅረት ምን ያህል ቀርቶኝ እንደነበር አውቃለሁ። አሁን ፍርሃቱ ቀንሷል። አልጠፋም።

እማማ አሁን አልጋ ላይ ይተኛሉ። ዘንድሮ ኅዳር ላይ መስኮቶቹን ሁለታችን ሸፈንን፣ እሳቸው ማድረቂያውን ይዘውልኝ። ሰባቱንም ሸፈንን። ሳጥኑን ለዳን አልመለስኩትም፣ ቁጥሩንም አላዘጋሁም። በየወሩ በመጀመሪያው ቅዳሜ ቤዝመንት እወርዳለሁ። ገመዱን ነቅዬ ትንሽ እቆያለሁ፣ መልሼ እሰካዋለሁ። ስልኬ አንዴ ይጠራል። አላነሳውም። እሰማውና ወደ ላይ እወጣለሁ።