ቅቤ ሲናጥ የተቀዳው ካሴት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነች። መምህሯ ከየቤታቸው ድምፅና ምስል ቀድተው እንዲያመጡ አዟቸው ኖሯል፤ እያዩና እየሰሙ ሊማሩበት ነው። «እማማ፣ ድሮ ቅቤ እንዴት ትንጡ እንደነበር ይንገሩኝ» አለችኝ። ባቄላ እየፈለፈልኩ ነበርና «ሌላ ቀን» አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ክው አልኩ። ይህን መልስ የማውቀው በአባቴ ድምፅ ነው።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ከንፋስ መውጫ ከተማ ብዙም አይርቅም ነበር። የሳይንስ መምህራችን ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ነው፤ ጥቁር ሰሌዳ ብቻውን አያረካውም። ዐይናችንን አስጨፍኖ ገብስና ስንዴ በመዳፋችን ያስለየናል፣ ዳማከሴ አሽቶ አፍንጫችን ሥር ያደርግልናል። ሰው ያበደ መስሎት ይስቅበት ነበር፤ እኛ ግን ከትምህርቱ መቅረት አቆምን። ስለ ድምፅ ሲያስተምር ደግሞ የድምፅ መቅጃ ቴፑን በየተራ እየሰጠ የቤታችንን ድምፅ እንድንቀዳ አዘዘን።

ተራዬ የደረሰው በጥቅምት ነው፤ ገብሱ አሽቷል፣ የመንገዱ ጭቃ ግን ገና አልደረቀም። እናቴ በቅል ቅቤ ስትንጥ ቴፑን ጎታው ሥር አስቀምጬ ቁልፉን ተጫንኩ። ወዲያው ውሃ እንድቀዳ ላከችኝ፤ ሳላጠፋው ወጣሁ። ስመለስ አባቴ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። የቴፑ ባትሪ ድንጋይ እንዳያልቅ ስለፈራሁ የተቀዳውን ሳልሰማ ቴፑን ለመምህሩ መለስኩ።

በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ዐይናችንን ጨፍነን እያዳመጥን፣ የምን ድምፅ እንደሆነ እንድንገምት መምህሩ ቴፑን ከፈተው። «ቅቤ ሲናጥ ነው» አለ አንዱ፤ ተሳቀ። ቀጥሎ ውሻ ጮኸ፣ ሽማግሌዎች ሲመርቁ ተሰማ። «ልጃችሁን ለልጃችን» አሉ። የቅሉ መናጥ ቀጥ አለ። ከዚያ አባቴ፣ «ለእናንተ ያልሰጠኋትን ለማን ልሰጣት ነው፤ ጥምቀት ይለፍና ውሰዷት» ሲል ሰማሁት።

ዐይኔን ስገልጥ ሁሉም ቀድመውኝ ገልጠው እኔን ያያሉ። መዳሬን የሰማሁት ከክፍል ጓደኞቼ ጋር እኩል ነበር። መምህሩ ተጣድፎ ቴፑን አጠፋው።

ከሰዓት በኋላ ቴፑን ይዞ ቤታችን መጣ። የልጅዎን ሥራ ይስሙልኝ ብሎ አባቴን ጠየቀውና ከፈተው። አባቴ የቅቤውን ሲሰማ ፈገግ አለ። ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ ጆሮውን ወደ ቴፑ አስጠግቶ፣

«ይኼ የሚናገረው ማነው?» አለ።

እናቴ መሬት መሬቱን እያየች፣ «እርስዎ ነዎት» አለችው።

የራሱን ድምፅ ሰምቶ አያውቅም ነበር። መምህሩ ያላሰማን ቀሪው ካሴት መዞሩን ቀጠለ። በሩ ሲንሲያጠጥ፣ እንስራዬን ሳወርድ ተሰማ፤ ከዚያ የእኔ ድምፅ በደስታ፣ «አባየ፣ በሬ ሲጠምዱ የሚሉትን ይበሉልኝ፣ ለክፍሌ ልጆች ላሰማቸው» ይላል። «ሌላ ቀን» አለ የአባቴ ድምፅ፤ ካሴቱም አለቀ።

አባቴ እንደ ደነገጠ ቀረ። መምህሩን እንኳ አልሸኘውም። ሲነጋ ዱላውን ይዞ ወደ ታጨሁለት ልጅ ወላጆች ቤት ሄደ። ለሽማግሌ የሰጡትን ቃል ማጠፍ በእኛ አገር ቀላል ነውር አይደለም፤ ሰንበቴ ላይ ለረጅም ጊዜ አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፍቶ ነበር። ያን ቀን ሲመለስ ግን ጫማውን ሳያወልቅ ጠራኝ። «ያን ዕቃ ተውሰሽ አምጭው» አለኝ። ቴፑን ሳመጣለት በሬ በሌለበት ደጃፍ ቆሞ፣ በሬዎቹን በየስማቸው እየጠራ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸልኝ።

ተምሬ፣ ወልጄ፣ አርጅቼም የዚያ ካሴት ድንጋጤ አልለቀቀኝም። ባቄላውን ወደ ጎን ገፋሁና የልጅ ልጄን ተጣራሁ። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ልትወጣ በሩ ጋ ደርሳለች።

«ነይ ክፈችው» አልኳት፤ «አሁኑኑ እናገራለሁ።»