ወፍ የጠራችው ስም

ሕግ የምታጠናው የልጅ ልጄ ሰሞኑን ፈተና ደርሶባት ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጮክ እያለች ታነባለች። በእንግሊዞች አገር ጋዜጣ ስም አጠፋህ ተብሎ ሲከሰስ በምን ይከላከላል የሚል ነው። የጻፍሁት እውነት ነው ይላል። ወይም አስተያየቴን በቅን ልብ ሰጠሁ እንጂ ሌላ አላልሁም ይላል። ወይም ደግሞ በሸንጎ የተባለውን ሳላዛባ አወራሁ ይላል።

«ይችን የኋለኛዋን አውቃታለሁ» አልኋት።

«አባባ ደግሞ! እንግሊዝ አገር መቼ ሄደው ነው?»

«ደብረ ታቦር ነው ያየኋት፣ ልጄ።»

ጎረምሳ ነበርሁ፤ ቤታችን ከገሳይ ከተማ በላይ ነው። በታኅሣሥ፣ ውርጩ ሣሩን ሲያሸብተው፣ የአንዲት ባልቴት የገብስ ክምር ነደደ። ልናጠፋ ስንሮጥ አገሩ የትኩስ ቆሎ ሽታ ሸተተ። የሰው የዓመት ልፋት እየነደደ የኛ ምራቅ መምጣቱ እስካሁን ይደንቀኛል።

አውጫጭኝ ተጠራ። ጥፋተኛው እስኪወጣ አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ያየ ሰው ቂም እንዳይያዝበት ለሽማግሌ በጆሮው ይነግራል፤ ሽማግሌውም ተናጋሪውን ሳይገልጥ «ወፍ እንዲህ አለች» ብሎ ለጉባኤው ያሰማል። ወፏ አያ ካሴን ጠራች። አያ ካሴ ከባልቴቷ ጋር በድንበር የሚካሰሱ ኩሩ ገበሬ ነበሩ። ተነሡና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው «እኔ ለኩሼ እንደሆነ ታቦቱ ይፍረድብኝ!» ብለው ማሉ። ጉባኤው ያለ ፍርድ ተበተነ።

በአገሩ ትምህርት ቤት መምህር ጌታሁን የሚባል ደግ ወጣት ነበር፤ አንዳንዴ አዲስ አበባ ለሚታተም ጋዜጣ ወሬ ይልካል። ይህንንም ላከ። አያ ካሴ ስሜ በጋዜጣ ጠፋ ብለው ደብረ ታቦር ከሰሱት። መምህሩ ካልረታ ወህኒ መውረዱ ነው። ሲለኩሱ አየሁ የሚል የለም፤ ወፍም ችሎት አትቆምም። የቀረው «እኔ አቃጠሉ አላልሁም፤ በጉባኤ ተባለ ነው ያልሁ» ማለት ነው። መባሉን መስክሩልኝ ቢል ጎረቤቱ ሁሉ ታመምሁ አለ። እኔ እሺ አልሁ፤ እኅቴን ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው።

ማለዳ በሶ ቋጥረን ወረድን።

«የተባለውን ተናገር፣ ሌላ አታንዛዛ» አለኝ መንገድ ላይ።

«እኔ ማንዛዛት የት አውቄ፣ መምህር!»

ችሎቱ ላይ ጸሐፊው ጋዜጣውን አነበበ። እኔ ማንበብ አልችልም፤ የተጻፈውን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። የወፏ ቃል አለ፤ የአያ ካሴ መሐላ የለም።

«ስማቸው ተጠርቷል?» አሉኝ ዳኛው።

«ተጠርቷል፣ ጌታዬ።»

መምህሩ እፎይ አለ። አያ ካሴ አፌን አፌን ያያሉ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተነሥተው ማሉ። አላደረግሁም አሉ።»

ዳኛው ወደ መምህሩ ዞሩ። «ይህ የታለ?»

«ቦታ አይበቃም ብዬ ነው» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

አያ ካሴ መራራ ሳቅ ሳቁ። «ለስሜ ቦታ ተገኝቶ ለቃሌ ጠፋ?»

«ጉባኤ ያለውን የጻፈ ባልተጠየቀ ነበር» አሉ ዳኛው፤ «ግማሹን የጻፈ ግን ጉባኤው ያለውን አልጻፈም።»

መሐላቸው በዚያው ጋዜጣ እንዲወጣ ቀጠሮ ተሰጠ። ወጣ፤ አያ ካሴም ክሳቸውን ተዉ። መምህሩ ከእስር ዳነ፤ ከኔ ጋር ግን እንደ ድሮው አልተጫወተም። የፊተኛውን ወሬ ገበያው ሁሉ ሰምቶታል፤ የኋለኛውን ያነበበ ጥቂት ነው። ክምሩን ማን እንደለኮሰውም ዛሬ ድረስ አልታወቀም።

አያ ካሴ ካረፉ ቆዩ። በቅርቡ ለልጅ ልጃቸው የታሰበች ልጅ ዘመዶች ዘር ሊያጠያይቁ ቤቴ መጡ። «አያቱ ክምር አቃጣይ ነበሩ ይባላል፤ እውነት ነው?» አሉኝ። እውነቱን አላውቅም። የማውቀው የተባለውን ነው፤ የተባለው ደግሞ ሁለት ነው። ሁለቱንም ነገርኋቸው። አመስግነው ሄዱ፤ ልጅቷን ይስጡ አይስጡ ገና አልሰማሁም። ሰውየው አርፈዋል፤ ስማቸው ግን እስከ ዛሬ ምስክር እየፈለገ ይዞራል።