ያመለጠኝ «ወዬ»

ልጄ ፈረንሳይኛ ስትናገር አይገባኝም። እኔ የምኖረው ዙሪክ፣ ዜባህ የሚባል ሰፈር ነው፤ ያለችኝም ጀርመንኛ ከጽዳት ሥራ የለቀምኳት ናት። እሷ ግን ለትምህርት ጄኔቫ ሄዳ እዚያው ቀረች፤ ቴአትርም ጀመረች። ብቻዋን የምትጫወተውን ቴአትር እንዳይ ስትጠራኝ ከደስታዬ ፍርሃቴ በለጠ።

«ምን ልልበስ?» አልኳት በስልክ።

«እማ፣ ሠርግ አይደለም እኮ። ጃኬትሽን ልበሺ።»

«የሚጨበጨበውስ መቼ ነው?»

«ሰው ሲያጨበጭብ ታጨበጭቢያለሽ፣ በቃ።»

ጄኔቫ፣ ሻትሌን የሚባል ሰፈር ያለችው አዳራሽ ትንሽ ናት። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። እንዳላስል ከረሜላ ጎረስኩ፤ ስልኬን አጥፍቼ መጥፋቱን ደግሜ አየሁ።

መድረኩ ላይ ያለው አንድ ወንበር ብቻ ነው። ልጄ የተማሪ ቦርሳ አንግታ ወጣች። ታወራለች፣ ሰው ይስቃል፤ እኔም ትንሽ ዘግይቼ እስቃለሁ። ከዚያ የሌለ በር ከፈተች፣ ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመችና በአማርኛ «እማ!» አለች።

«ወዬ!» አልኩ።

አስቤ አይደለም። ሲጠሩ ዝም አይባልም፤ እሷንም ያሳደግኳት «ስትጠሪ አቤት በይ» እያልኩ ነው። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ፤ ከዚያ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ፊቴ ነደደ። ልጄ አልዞረችም፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ብቻ አየሁ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ አላወቅኩም። ሲያልቅ ሰው ተነስቶ አጨበጨበ። እኔ ለማጨብጨብ እንኳን አፍሬ፣ ጃኬቴን ይዤ ሹልክ አልኩ።

ፌርማታው ላይ ደረሰችብኝ። የመድረኩን ቀለም ከፊቷ እንኳን አልታጠበችም።

«ወዴት ነው?»

«ባቡሩ እንዳያመልጠኝ።»

«እኔ ጋ ታድሪያለሽ አልተባባልንም?»

«አበላሸሁብሽ አይደል?»

«አበላሸሽብኝ!» ብላ ሳቀች። «እዚያ ጋ እኮ ማንም አይመልስም።»

«ለምን? እኔ የት ሄጄ?»

«ሥራ ነበርሻ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እንደሌለሽ እያወቅኩ እጠራሽ ነበር።»

«ሁልጊዜ?»

«ትልቅ እስክሆን።»

ይህን ነግራኝ አታውቅም። ምሳዋን ሸፍኜ፣ የምድጃውን መጥፋት አይቼ፣ «ለማንም እንዳትከፍቺ» ብያት ነበር የምሄደው። ሁሉን የተጠነቀቅኩ መስሎኝ ነበር። ባዶ ቤት ውስጥ ስትጣራ ማደጓን ግን የማያውቁን ሰዎች ከእኔ ቀድመው ሰሙት። የሳቁብኝ ነገር ያን ጊዜ ቀለለብኝ። ይኼኛው ግን ቀና ብዬ እንዳላያት አደረገኝ።

«ነገም ይታያል» አለች ክንዴን ይዛ። «ትመጫለሽ?»

«ካላፈርሽብኝ።»

«ነይ። ግን አደራ፣ እንዳትመልሺ።»

በማግስቱ ያው ቦታ ተቀመጥኩ። «እማ!» ስትል አፌን በሻርቤ ያዝኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ልጄ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ ትጠብቃለች፤ ጸጥታው አላልቅ አለ። ያን ያህል ረጅም መሆኑን የመጀመሪያው ቀን አላየሁም፤ በ«ወዬ» ሸፍኜው ነበር።