ከበር ላይ የተጻፈ ቁጥር

ሞጣ ላይ ስድስት ዓመት የመብራት ቆጣሪ ሳነብ ያላባረረኝ ውሻ የለም። ሰውም ቢሆን ቆጣሪ አንባቢ ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። «መብራቱ ሳምንት ሙሉ ጠፍቶ እየከረመ ይሄ ሁሉ ሒሳብ ከየት መጣ?» ብሎ ያፈጥብኛል፤ እኔ ያጠፋሁት ይመስል! እትዬ ኸይራት ግን እንዲህ አልነበሩም። ጥፋቴም የጀመረው እዚያው እሳቸው ቤት ነው።

እትዬ ኸይራት ባላቸው ከሞቱ በኋላ ዳቦ እየጋገሩ ሦስት ሴት ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ሲገዙ ትልቅ ቆጣሪ አስፈለጋቸውና የአንገት ወርቃቸውን ሸጠው ለመሥሪያ ቤታችን ተቀማጭ አስያዙ። ደረሰኙን በፌስታል ጠቅልለው ከቁርኣናቸው አጠገብ ያስቀምጡት ነበር። ምድጃውንማ ልጆቻቸው እንኳ ሳያስፈቅዱ አይነኩትም።

ታዲያ እሳቸው ቤት ገብቶ ሳይቀምሱ መውጣት የለም። «ዳቦ እኮ ነው፣ ሥጋ አይደል! እስላም ክርስቲያን የለውም» ይሉና ትኩሱን ቆርሰው ሻይ ይቀዱልኛል። ጾም ነው ካልኩ ደግሞ «እስከ ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ለመንገድ ይጠቀልሉልኛል። እምቢ ብል ይቀየማሉ። እኔን ደግሞ በቀን ሁለት መቶ ቆጣሪ ይጠብቀኛል፤ እዚያ ግማሽ ሰዓት ከተቀመጥኩ ሥራው አያልቅልኝም። ስለዚህ አንድ ወር በራቸው ላይ ቆም ብዬ፣ ሳልገባ፣ በግምት ጻፍኩና ሄድኩ። በሚቀጥለውም ወር እንደዚያው። ስንፍና ካላችሁኝ፣ አዎ ስንፍና ነው። የባሰው ደግሞ የበላሁት ዳቦ ትዝ እያለኝ ቁጥሩን ዝቅ አድርጌ መጻፌ ነው። ውለታ መመለሴ ነበር እኮ፤ እኔ ጅሉ!

አሥራ አንድ ወር እንዲህ ሄደ። ከዚያ አሮጌ ቆጣሪዎች በአዲስ ሲቀየሩ የእትዬ ኸይራትም ተነቀለና የመጨረሻው ቁጥር ተመዘገበ። እኔ በየወሩ ያስቀረሁት ሁሉ ባንድ ወር የፈጁት ሆኖ ወጣ። በወር ብዙ የፈጀ ሰው ታሪፉ ስለሚጨምርበት፣ ሒሳቡ በአግባቡ ባነብላቸው ኖሮ ከሚከፍሉት በእጥፍ ዘለለ። ሠላሳ ስምንት ሺህ ብር።

ደረሰኛቸውን ይዘው ቢሮ መጡ። በመስኮቱ የምታስተናግደው ፋንታነሽ ነበረች፤ እኔ ከጀርባዋ ተቀምጫለሁ።

«ልጄ፣ ይሄ ስህተት ነው» አሏት። «እስኪጣራ ከተቀማጬ ያዙልኝና መብራቱን አትቁረጡብኝ።»

«ዲፖዚት ለቢል አይሆንም፣ እናቴ። ውል ሲያቋርጡ ነው የሚታሰበው።»

«የገዛ ገንዘቤ ለእኔ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ተንጫጫ። ፋንታነሽም ተናደደችና «ቆጣሪው ካልተነካካ በስተቀር ሒሳብ እንዲህ አይዘልም!» አለች።

እትዬ ኸይራት ክው አሉ። «እኔ ነኝ ሌባዋ?» አሉና በመስኮቱ አሻግረው እኔን አዩኝ። «ይኸው ባምላኩ አለ፤ እሱ ይናገር። ባምላኩ፣ በየወሩ ገብተህ አንብበሃል?»

ፋንታነሽ ዞር አለች። የቤት ኪራዬ፣ ሁለቱ ልጆቼ፣ የሥራ ስንብት ደብዳቤ ባንድ ጊዜ ፊቴ ድቅን አሉ። 

«አንብቤያለሁ» አልኩ።

ትንሽ አዩኝ። «እሱ ካለ ይሁን» አሉና ደረሰኙን መልሰው በፌስታሉ ጠቀለሉት።

በሳምንቱ መብራታቸው ተቆረጠ። ዕዳውን ለመክፈል ምድጃውን ሸጡ፣ ውሉንም አቋረጡ፤ ተቀማጩም ለዕዳው ተያዘ። እኔ ፈሪው ዝውውር ጠይቄ ወደ አገሬ ቢቸና ገባሁ። አንድ ዓመት ሙሉ በዳቦ ቤት በር ባለፍኩ ቁጥር ያች «እሱ ካለ ይሁን» ጆሮዬ ላይ ትጮህብኛለች። ሚስቴ «ምን ሆነህ ነው?» ብትለኝ ለእሷም ዋሸኋት። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጧት አላስችል ሲለኝ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሞጣ ሄድኩ።

እትዬ ኸይራት ግቢያቸው ውስጥ በእንጨት እየጋገሩ ነበር፤ ጭሱ ዓይናቸውን አቅልቶታል።

«ውይ፣ ባምላኩ! ግባ፣ ግባ እንጂ!»

አልተቀመጥኩም። «እትዬ፣ ዋሽቻለሁ። አሥራ አንድ ወር ከበር ላይ ነው የጻፍኩት። ምድጃዎን ያሸጥኩዎት እኔ ነኝ።»

እሳቱን ቆሰቆስ አደረጉ። «አውቃለሁ» አሉ። «በበሩ ስንጥቅ አይህ ነበር። ቸኩሎ ነው እያልኩ ዝም አልኩ።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገሩብኝም?»

«አንተው ትናገራለህ ብዬ ነዋ የጠየቅሁህ! አንተ ሳትናገር ስትቀር እኔ ልናገርና ከነልጆችህ ሜዳ ላይ ልጣልህ?»

እንባዬ መጣ። «ሰኞ እዚሁ ሞጣ ቢሮ ሄጄ እውነቱን ጽፌ እፈርማለሁ» አልኩ።

«ፈርም። ሌባ ሲሉኝ የሰሙ ሁሉ ይስሙት። ምድጃው እንደሆነ አንዴ ሄዷል።» ከእሳቱ ላይ ዳቦ አወጡና ቆረሱልኝ። እጃቸው እስከ ክንዳቸው ተለብልቧል። «በል አሁን ተቀመጥ። ዛሬ የምታነበው ቆጣሪ የለህም።»

ተቀመጥኩ። ዳቦው ጭስ ጭስ ይላል። በልቼ እስክጨርስ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።