ቀዛፊው የሞተ ቀን

ደሴ ላይ ሲይዙኝ ወፍራም ካፖርት ለብሼ ነበር። ጠዋት ነው፤ ጭጋጉ ገና ከጦሳ ተራራ ላይ አልተነሳም። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ሰኞ ገበያ መግቢያ ላይ በስሜ ጠሩኝ፤ መታወቂያዬን አዩና ቦርሳዬን ተቀበሉኝ። አልተጨቃጨቅኩም። ሰዓቴን አየሁ፤ ሁለት ሰዓት ከአሥር ይላል። መኪናው ውስጥ በመሃላቸው ተቀምጬ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ። ኮምቦልቻ ስንደርስ ካፖርቱ ውስጥ በላብ ርሻለሁ። አውልቅ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ያስገቡኝ ቤት መጋዘን ነበር። ማዳበሪያው ወጥቶ ሽታው ቀርቷል፤ ዓይን ይቆጠቁጣል። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው ከጣሪያው ሥር በተደረደሩ ቀዳዳ ብሎኬቶች ነው። ከእኔ ጋር ሠላሳ አንድ ሰዎች ነበርን።

ከቦርሳዬ ውስጥ አንድ መቅረጸ ድምፅ፣ ሁለት እስክሪብቶና አንድ ደብተር ወስደዋል። የፈራሁት ለመቅረጸ ድምፁ ነበር። መፍራት የነበረብኝ ለደብተሩ ነው።

ደብተሩ የሥራ አልነበረም። ሰባት ቅጽ ያለው የምናብ ታሪክ ሳነብ የተሰማኝን የምጽፍበት ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ነገሥታትና ጠንቋዮች ያሉበት፣ ሽቅብ የሚፈስ ወንዝ ያለበት ታሪክ። በጋዜጠኝነቴ ቀኑን ሙሉ «ማን አለ? መቼ? ማስረጃው?» ስል የምውል ሰው ማታ እንዲህ ያለ ነገር ማንበቤ ያሳፍረኝ ስለነበር ለባልደረቦቼ ነግሬያቸው አላውቅም። በወሎ ምድር ይህን መጽሐፍ የሚያነብ የማውቀው ሌላ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ቢስቲማ መድኃኒት ቤት ውስጥ የምትሠራ ሴት። መጽሐፎቹን እየተቀባበልን እናነባለን። ደብተሩም የሁለታችን ነው። ለሥራ ወደ ደሴ ስትመጣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ትተውልኛለች፤ እኔም ጽፌ እዚያው እመልስላታለሁ።

ሁለት ልማድ ነበረን። አንደኛው፣ የገጸ ባሕርያቱ ስም ረጅምና አስቸጋሪ ስለሆነ የራሳችንን ስም አወጣንላቸው፤ ንግሥቲቱ «እሜቴ»፣ ከሁለቱም ወገን የሚሸሹ ሰዎችን ማንነታቸውን ሳይጠይቅ ወንዙን የሚያሻግረው ሽማግሌ «ቀዛፊው»። ሁለተኛው፣ ቀድሞ ያነበበ ሰው የተሰማውን ጽፎ ገጹን ያጥፍና በስቴፕለር ይመታዋል። ሌላው የሚከፍተው እዚያ ቦታ ሲደርስ ነው። ሲይዙኝ የመጨረሻው ቅጽ፣ ከቀደሙትም ጋር፣ እሷ ጋ ነበር፤ ደብተሩም ውስጥ አንድ የታሸገ ገጽ ነበር። እሷ ደግሞ የእርግዝናዋን ስምንተኛ ወር ይዛለች።

መርማሪው አርባ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በጣቱ እየተከተለ ያነባል።

«‹እሜቴ ከክረምት በፊት ከዙፋኗ ትወርዳለች።› ይሄ ምንድን ነው?»

«መጽሐፍ ላይ ያለች ንግሥት ናት።»

«‹የሰሜኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ለምን አልገቡም?› የቱ ሰሜን?»

«የመጽሐፉ ሰሜን።»

«‹ቀዛፊውን ማመን ሞኝነት ነው› ይላል አንዱ እጅ። ‹እኔ ግን ነፍሴን አደራ እሰጠዋለሁ› ይላል ሌላው። ያንተ የቱ ነው?»

«ነፍሴን አደራ እሰጠዋለሁ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ሌላውስ?»

«ሌላ አንባቢ ነው።»

«ስሙ?»

ራሴን ወዘወዝኩ።

«መጽሐፉስ የታለ?»

«እዚያው አንባቢው ጋ።»

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገው። ኢንተርኔት ተዘግቶ ስለነበር የመጽሐፉ መኖር እንኳ የሚረጋገጥበት መንገድ አልነበረም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም ነበር። ሁለተኛ ምንጭ ያላገኘሁለትን ነገር አላትምም።

«ሰውየውን ንገረኝና ዛሬውኑ ደሴ ግባ» አለኝ።

በተከታታይ ስድስት ጠዋት ተጠርቼ ያንኑ ጥያቄ ተጠየቅኩ። አንድ ቀን ጥፊ አገኘኝ፤ ከዚያ በላይ አልሆነም። በየቀኑ ይበልጥ የሚከብደኝ የመንገዱ ሒሳብ ነበር። ስሟን በጠዋት ብናገር ምሳ ሳይደርስ ቢስቲማ ይገባሉ። ያን ኮረኮንች መንገድ በመኪና ጭነው ያወርዷትና እዚህ ሲሚንቶ ላይ ያስተኟታል። ከዚህ አልፌ አላሰብኩም።

መጋዘኑ ውስጥ የራሱ ሥርዓት ነበር። ካቦው፣ ማለትም እስረኞቹ አለቃ ብለው የመረጡት፣ የኮምቦልቻ ባጃጅ ነጂ ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ እራት እስኪመጣ ድረስ ወሬ ያለው ሰው ተነስቶ እንዲያወራ ያዛል። በገባሁ በሁለተኛው ቀን ተራው እኔ ላይ ወደቀ።

«አንተ ጋዜጠኛ ነህ አሉ። በል አምጣ! ግን ዜና እንዳታመጣ፤ በዜና ነው እዚህ የገባነው።»

ሌላ የማውቀው ታሪክ አልመጣልኝም። ከመጀመሪያው ቅጽ ጀመርኩ። ሽቅብ የሚፈሰው ወንዝ ጋ ስደርስ ካቦው እጁን አወጣ።

«ቆይ ቆይ። ሽቅብ? በነዳጅ ነው?»

«እንዲሁ ነው የሚፈሰው።»

«እንግዲያ ቀዛፊው ቁልቁል ሲመለስ ነው የሚደክመው። ሒሳቡን ያዙልኝ!»

ሳቁ። በማግስቱ ግን ዐስር ሳይደርስ «ሰዓቱ አልደረሰም ወይ?» የሚሉ መጡ። ከሁሉ ይልቅ ከልባቸው የሚሰሙት የሐርቡ ገበሬ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ናቸው። በአገራቸው የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ደም የሚያደርቁ ሰው ናቸው፤ አሳሪዎቹ ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡት እሳቸውን ይዘው መጡ። የሙስባሃ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ያዳምጣሉ። አንድ ጊዜ ብቻ አቋርጠው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ቀዛፊ የሚያሻግራቸውን ሰዎች አንድም ቀን ‹የማን ወገን ናችሁ› አላላቸውም?»

«አላለም አባቴ።»

«መርሐባ። ቀጥል።»

በሰባተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው ደብተሩን ሳይሆን የታሸገውን ገጽ አሳየኝ። ሦስት የስቴፕለር ሽቦ ነበረበት።

«ይሄን እስከ ዛሬ ያልነካሁት አንተ በራስህ እጅ እንድትከፍተው ብዬ ነበር። አልሆነም።» ሽቦዎቹን በጥፍሩ አንድ በአንድ ነቀለ፤ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ከዚያ አነበበ።

«‹ቀዛፊውን ገደሉት። የወጋው ካሻገራቸው ሰዎች አንዱ ነው። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። አንተ እዚህ ስትደርስ ምን ትሆን ይሆን?›»

ስድስት ቀን ሙሉ ፊቴን ምንም እንዳያሳይ ጠብቄዋለሁ። በጥፊው ጊዜ እንኳ ጠብቄዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ከአፌ ወጣ።

«ገደሉት?»

ከአራት ዓመት በፊት ነው ያን ሽማግሌ የተዋወቅኩት፤ ስድስት ቅጽ አብሬው ሄጃለሁ። ዓይኔ ሞላ። አንገቴን ደፋሁ፤ ዘግይቼ ነበር። መርማሪው ወረቀቱን አስቀምጦ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«አሁን ገና ተናገርክ» አለ። «የት ነው የተገደለው?»

«ወንዙ ዳር… አላውቅም። ገና አላነበብኩትም።»

«የቱ ወንዝ? ቦርከና?»

«አይደለም።»

«ታዲያ የቱ?»

«ወንዙ ሽቅብ ነው የሚፈሰው።»

የቀለድኩበት መሰለው። በሩን ከፍቶ ውጭ ለቆመው ሰው «ሰሞኑን የሞቱ ሰዎችን ዝርዝር አምጣልኝ» ሲል ሰማሁት። ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሰው እንዲህ የሚያለቅሰው ለሚያውቀው ሰው ነው። ከእንግዲህ ‹መጽሐፍ ነው› የሚል ቃል እንዳልሰማ። ነገ ጠዋት ቃልህን ትፈርማለህ። ስሙን ካላስመዘገብክ ፋይሉ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ በእኔ እጅ አይደለህም።»

ወደ መጋዘኑ ስመለስ ፊቴን አይተው ቦታ ለቀቁልኝ። ካቦው ውኃ አቀበለኝ።

«መቱህ?»

«አይ።»

«ምን ሆንክ ታዲያ?»

«ቀዛፊው ሞተ» አልኩ።

ተኝተው የነበሩት ተነስተው ተቀመጡ።

«ወላሂ በል!» አለ ካቦው። «ማን ገደለው?»

«ካሻገራቸው አንዱ።»

«ያ ያሻገረው ባለ ቀይ ጢሙ ነው! አላልኳችሁም? ስንት ቀን ነገርኳችሁ!»

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ ቀስ ብለው፣ ሰው ሲሞት እንደሚባለው። ከጥግ አንድ ወጣት አስተማሪ «አባባ፣ የፈጠራ ሰው እኮ ነው» አላቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ሰው ያሻገረ ሰው ሞተ ሲሉኝ ሌላ የምለው የለኝም።»

ያን ቀን ዐስር ላይ ማንም አውራ አላለኝም። በዚያ ፈንታ የነገው ፊርማ ላይ ምክር ተያዘ።

«‹ሁለቱም እጅ የኔ ነው› በል» አለ አስተማሪው።

«ሁለቱን እጅ ጻፍ ይሉታላ!» አለ ካቦው። «‹አላውቅም› በል። ተገኘ፣ አነሳሁት፣ የማን እንደሆነ አላውቅም። በቃ። ‹አላውቅም› ያለ ሰው ጥርሱ አይቆጠርም።»

ብዙዎቹ በዚህ ተስማሙ። እኔም ልቤ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። ሽማግሌውን ጠየቅኳቸው።

«አንቱስ ምን ይላሉ አባቴ?»

መቁጠሪያቸውን አንድ ዙር ጨረሱ። «አባቴ አውጫጭኝ ተቀምጦ ያውቃል» አሉ በኋላ። በድሮ ጊዜ ሌባ ሲጠፋ የአገሩን ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ሰብስበው፣ አስምለው፣ ስሙ እስኪወጣ የሚያቆዩበት ሸንጎ ነው። «ከብት የነዳውን ያውቀው ነበር፤ የጎረቤት ልጅ ነው። ‹አላውቅም› ብሎ ማለ። ልጁም ተረፈ፣ አገሩም ወደ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲያ ግን እስኪሞት ድረስ ዕርቅ ላይ ቃል አልሰጠም። ቢጠሩትም አይሄድም። ‹አፌን አንድ ጊዜ አውሼዋለሁ› ይል ነበር።»

«እንግዲያ ልጁን ይጠቁም ነበር?»

«እሱን አላልኩህም። አብሽር፤ ያባቴን ነገር ነው ያጫወትኩህ።»

በማግስቱ ጠዋት ቃሌ በንጹሕ ወረቀት ተጽፎ ጠበቀኝ። መርማሪው ሌሊቱን የሞቱትን ሰዎች ዝርዝር አይቶ ምንም አላገኘም መሰለኝ፤ ዓይኑ ቀልቷል። ወረቀቱን አንሸራቶ ሰጠኝ። አንድ ገጽ ተኩል ነው። አነበብኩት። የተያዝኩበት ሰዓት ትክክል ነው። ደብተሩ ትክክል ነው። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሁለተኛው የእጅ ጽሑፍ የማን እንደሆነ አላውቅም።»

ቀና ብዬ አየሁት። እሱ ወደ በሩ ያያል።

«ፈርምና ሂድ» አለ። «እኔም ደክሞኛል።»

ይህን ያደረገው አዝኖልኝ ይሁን ፋይሉን ለመዝጋት ዛሬም አላወቅኩም። እስክሪብቶውን አነሳሁ። መፈረም ነበረብኝ፤ ማንም ሰው ይፈርማል። ነገር ግን የሰውን ቃል በመጻፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያልተባለን ቃል በሰው አፍ የሚያስገባ ሪፖርተር ከሥራው ሲባረር አይቻለሁ፤ አንዱን ያባረርኩት ራሴ ነኝ። «አላውቅም» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩ፤ ከላዩ «አውቃለሁ፤ አልናገርም» ብዬ ጻፍኩ። እንደ ደንቡ ከእርማቱ ጎን አጭር ፊርማ አኖርኩ፤ ከታች ደግሞ ሙሉውን ፈረምኩ።

አነበበው።

«ምን እንዳደረግክ ታውቃለህ?»

«ሌላው ሁሉ ትክክል ነው» አልኩት።

ካቦው ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። «አንተ ሰው! በሩን ከፍተውልህ እኮ ነው ከውስጥ የቆለፍከው!» ሽማግሌው ተነስተው ከጎናቸው ያለውን የማዳበሪያ ጆንያ አነጠፉልኝ፤ ከዚያን ዕለት ጀምሮ እዚያ ተኛሁ።

አርባ ሦስት ቀን ጨመርኩ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከስምንት ሰዎች ጋር ስሜ ተጠራና ምክንያቱ ሳይነገረኝ ተለቀቅኩ። ደብተሩን አልመለሱልኝም። እሷ በወሩ መጨረሻ ቢስቲማ ጤና ጣቢያ በሰላም ወልዳ ነበር፤ ሴት ልጅ። ማንም ቤቷ አልሄደም። ለምን ያን ያህል እንደቆየሁ ስትጠይቀኝ «አንድ ቃል ላይ አልተስማማንም» አልኳት። የመጨረሻውን ቅጽ ሰጠችኝ። ቀዛፊው የሚሞትበት ገጽ ስደርስ አላለቀስኩም፤ ሐዘኑን ጨርሼው ነበር።

ታሪኩን የሰሙ ወዳጆቼ እንደ ጀግና ያዩኛል። አልቀበላቸውም። ሰው መጠየቅ ሙያዬ ነው፤ ስለዚህ ያን ክፍል አዘውትሬ አስበዋለሁ። መርማሪው ሰባት ጠዋት ሙሉ ስለ አንድ ወንድ ነበር የሚጠይቀኝ። ሴት ልትሆን ትችላለች የሚል ሐሳብ አንድም ቀን አልመጣለትም፤ እኔም በዚህ አላረምኩትም። ፊቴን ግን ቀዛፊው ሲሞት አይቶታል። በዚያች ቅጽበት ወረቀቱን አስቀምጦ ቀስ ብሎ «ሴት ናት?» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ፣ አፌን ሳልከፍት መልሱን ያገኝ ነበር።

በእሱ ወንበር የተቀመጥኩት እኔ ብሆን የምጠይቀው ያንን ነበር።