አንጓች የተባሉ ሴቶች

ልጅ ሳለሁ ስሜን አልወደውም ነበር። አልወደውም ማለት እንኳን ያንሳል፤ እንደ ጠባብ ጫማ ያመኝ ነበር። እነ ሄለን፣ እነ ሳምራዊት፣ እነ ቤዛዊት በሞሉበት ክፍል ውስጥ አስተማሪዋ ስም ስትጠራ «አንጓች» የሚለው ላይ ስትደርስ ከኋላ ወንበር ሳቅ ይነሳል። እረፍት ላይ ደግሞ «አንጓች ጓያ! አንጓች ጓያ!» እያሉ ግቢውን ያዞሩኛል። ጓያ ምን ክፉ እንዳደረገ እንጃ፤ ያኔ ግን በዓለም ላይ ከሱ የከፋ እህል ያለ አይመስለኝም ነበር።

ስለዚህ ሜሮን ልባል ቆረጥኩ። እናቴ ሆቴል ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራ ስለነበር ማታ ደክሟት ስትገባ ጠብቄ ነገርኳት። ነጠላዋን እያጣጠፈች ሰማችኝና «ስሙን ያወጣው አባትሽ ነው። እሱ እሺ ካለ እኔ ምን ቸገረኝ፤ ለጥምቀት ሲመጣ ጠይቂው» አለችኝ። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በሊማሊሞ ወርዶ አዲ አርቃይን አልፎ ይሄዳል፤ ቤት የሚከርመው በዓል ሲሆን ብቻ ነው። እኔም እንደ ሌሎቹ ልጆች ጥምቀትን በናፍቆት መጠበቅ ጀመርኩ፤ የኔ ናፍቆት ግን ለቀሚስ ሳይሆን ለስም ነበር።

ቤታችን ጎንደር፣ አራዳ፣ ከአያ ስጦት የልብስ ስፌት ቤት ጀርባ የተከራየናት አንዲት ክፍል ናት። እናቴ እስክትመጣ ድረስ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምቀመጠው በእሳቸው በረንዳ ላይ ነበር። አያ ስጦት በወጣትነታቸው ከጠዳ መጥተው አራዳ የቀሩ፣ ቀጭን፣ ከደንበኛ ጋር ቁጡ፣ ከጨርቅ ጋር ግን ታጋሽ ሰው ነበሩ። ወግ የሚያወሩት ሲተኩሱ ብቻ ነው፤ የስፌት መኪናው ሲንኳኳ ድምፃቸውን ይውጠዋላ። ካውያቸው የከሰል ነበረች። ፍሙን ከምድጃ በመቆንጠጫ እያነሱ ሆዷን ይሞሏታል፤ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆመው ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዟት ብልጭታ ይረግፋል። ከዚያ እርጥቡ ጨርቅ ላይ ሲያሳርፏት እንፋሎትና ጭስ ባንድ ላይ ይነሳል። መብራት ሲጠፋ፣ ያኔ ደግሞ መብራት መጥፋት ብርቅ አልነበረም፣ ፋኖሱን ከምስማሩ ላይ ይሰቅሉና የጥላቸው እጅ ከጣሪያው ጋር ሲደርስ እያየሁ አዳምጣለሁ። መርፌ በከንፈራቸው ስለሚይዙ ግማሹን ወግ የሚነግሩኝ በአፋቸው ጥግ ነበር።

አንድ ምሽት ሜሮን ልባል መሆኔን ነገርኳቸው።

«ሸጋ» አሉኝና ካውያቸውን አቆሙ። «ምነው ታዲያ ለነሱ ሳትነግሪያቸው?»

«ለነማን?»

«ለሞክሼዎችሽ ነዋ! እነሱን ጥለሽ ስትሄጂ አይከፋቸውም?»

ከኔ ሌላ አንጓች የሚባል ሰው መኖሩን እስከዚያ ምሽት አስቤው አላውቅም። አያ ስጦት ግን ወንዝ የሚሞሉ አንጓቾችን ያውቁ ነበር። አንዷ ወንድሟ ባልሠራው ጥፋት ታስሮ አፍ ያለው ዘመድ ሲጠፋ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ አገረ ገዥው ፊት የቆመች ናት። በልሃ ልበልሃ ተሟግታ፣ ነገሩን በግጥም አሳምራ፣ ሹሙን ከወንበሩ ብድግ አድርጋ ወንድሟን አስፈታች። አንዷ ጭልጋ ውስጥ የነበረች ወጌሻ ናት፤ የሰው አጥንት ብቻ ሳይሆን የበሬም ትጠግናለች። አንዷ ሀብታም ባል አልፈልግም ብላ ሽማግሌዎቹን ምሳ አብልታ የመለሰች ናት። ይህችኛዋን የወደድኳት በምሳው ነበር።

ከሁሉም ልቤ የገባችው ግን የሊማሊሞዋ ናት። መንገዱ በመኪና ሳይደፈር በፊት፣ የሲራራ ነጋዴዎች ገደሉን ሲወርዱ ጉም ወረደባቸው፤ ሰው የራሱን በቅሎ ጆሮ ማየት ተሳነው። ዘመድ ልትጠይቅ አብራቸው የምትሄድ አንጓች የምትባል ልጅ ነበረች። መንገዱን እግሯ ያውቀዋል። ቀደም አለችና ማዜም ጀመረች። እሷ ስታዜም ነጋዴውም በቅሎውም ድምጿን ተከትሎ ይራመዳል፤ ዝም ስትል ሁሉም ባለበት ይቆማል፣ ያ ገደል ነውና። እንዲህ እያዜመች፣ እንዲህ እያቆመች፣ አንድም ሳይወድቅ አወረደቻቸው። አያ ስጦት «ዝም ስትል» የሚለው ላይ ሲደርሱ ካውያቸውን አንስተው እሳቸውም ዝም ይላሉ። እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ።

«ያቺስ?» አሉኝ ደግሞ አንድ ቀን ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሙዚቃ ቤት በአገጫቸው እያመለከቱ። ሙዚቃ ቤቱ መብራት ካለ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ካሴት ነበር የሚያጫውተው። መስተዋቱ ላይ አጭር ጸጉር ያላት፣ የቆዳ ጃኬት የለበሰች ዘፋኝ ፎቶ ተለጥፏል። ዘፈኗን የክፍላችን ልጆች ሁሉ፣ እነ ሄለን ሳይቀሩ፣ በቃላቸው ያወርዱታል። ሮጬ ሄጄ ከፎቶው ሥር የተጻፈውን አነበብኩ። አንጓች ይላል። በየቀኑ አልፌው እሄዳለሁ፤ እንደዚያ ያለች ሴት በኔ ስም ትጠራለች ብሎ ግን ማን ይጠረጥራል?

በማግሥቱ ትምህርት ቤት የሄድኩት ደረቴን ነፍቼ ነበር። «ጓያ» ሲሉኝ ዘፋኟን ጠራሁባቸው፤ ዝም አሉ። ዝም ሲሉ ጊዜ ጣመኝና ጨመርኩላቸው፤ ወንድሟን በሙግት ያስፈታችውን አንጓች ማውራት ጀመርኩ። መሀል ላይ እንደደረስኩ ብርቄ የምትባል የሌላ ክፍል ልጅ «ውሸቷን ነው!» ብላ ጮኸች። «እሷ እኮ ብርቄ ናት! አያ ስጦት ዩኒፎርሜን ሲሰፉልኝ ነግረውኛል፤ ወንድሟን ያስፈታችው ብርቄ ናት!»

የዚያን ዕለት የተሳቀብኝ ሳቅ እስከዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ማታ በረንዳው ላይ ስደርስ ሰላም እንኳን አላልኳቸውም።

«የኔን ወግ ለብርቄ ነገሯት?»

«ለብርቄ የብርቄን ነገርኳት» አሉ ሳይደነግጡ። «ልብስ በልክ ነው የሚሰፋ፤ ወግም እንደዚያው። የሷን ባለብስሽ ይሆንሽ ነበር?»

«ታዲያ ውሸት ነዋ!»

መርፌዎቹን ከከንፈራቸው ላይ አንድ በአንድ አወጡ። «ስሚኝ ልጄ። ይኸን ያደረገች አንዲት ሴት ነበረች፤ አያቴ ናት የነገረችኝ። ስሟ ጠፋ። ስሟ ጠፋ ተብሎ ሥራዋም ይጥፋ? እናንተ ስም ያላችሁ ልጆች ብታውሷት ምን ይጎዳችኋል?»

ዛሬ ቢሆን ስሜን በደስታ አውሳት ነበር። ያኔ ግን ልጅ ነበርኩ፤ በውሸት ያበጠ ደረቴን ብርቄ በሁሉ ፊት አስተንፍሳብኛለች። «ከእንግዲህ ሜሮን ነኝ» ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። አያ ስጦትም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጉን ትተው ካውያቸውን ይገፉ ጀመር፤ እኔም የፋኖሱን ጭስ እቆጥር ነበር። በረንዳው እንደዚያ ቀዝቅዞኝ አያውቅም።

የጥምቀት ሰሞን ደረሰ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያለ የሚያስፈራራ ደንበኛ በረንዳውን ሞላው። ዘፋኟ ለበዓሉ ጎንደር እንደምትዘፍን በየግድግዳው ተለጥፏል። አባቴም በነጋታው እንደሚገባ ልኮብናል። የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ ደንበኛው ሁሉ ሲበተን አንድ ጎረምሳ ትከሻው የተተረተረ ካባ ይዞ እየሮጠ መጣ፤ «አሁኑኑ ይድረስልን!» ይላል። ከኋላው ራሷን በነጠላ የሸፈነች ሴት ተከተለችው፤ እኔ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይም ቁጭ አለች። አያ ስጦትን «እንደምን አመሹ፣ አያ» ስትላቸው ነው ዘፋኟ መሆኗን ያወቅኩት። በድምጿ።

እሳቸው ካባውን ሰፍተው መተኮስ ጀመሩ። እሷ ወደኔ ዞር አለች።

«ስምሽ ማን ነው፣ የኔ ቆንጆ?»

አያ ስጦትን አየኋቸው። ያድኑኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን መርፌዎቹን ከንፈራቸው ላይ ደርድረው አጎነበሱ። ሜሮን ልል አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልመጣ አለ። ሜሮን የምትባለውን ልጅ እኔ ራሴ አላውቃትማ። እነዚያን ሁሉ ምሽቶች እዚህ በረንዳ ላይ የተቀመጠችው ሌላ ናት።

«አንጓች» አልኩ።

«ውይ ሞክሼዬ!» ብላ አቅፋ ሳመችኝ። ከዚያ እየሳቀች፣ አዲስ አበባ ስትገባ ይህ ስም ካሴት ላይ አያምርም ብለው ሌላ ስም አውጥተውላት እንደነበር ነገረችን። «እሺ ብዬ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ በአዲሱ ስም ይጠሩኛል፤ እኔ የሰው ስም መስሎኝ ዝም! ተራዬን አሳለፉኝ። በቃ እናቴ ያወጣችልኝ ይሻለኛል አልኩ።»

አያ ስጦት ሳቁ፤ ካውያዋም ሳቀች ማለት ይቻላል፣ ብልጭታ ረጨች። ከዚያ ቀና ብለው «የሊማሊሞዋን ሞክሼያችሁን ታውቂያታለሽ?» አሏት። በልኬ የተሰፋውን ወግ ለሷ ሊያለብሷት መሆኑ ገባኝ። አልቀናሁም፤ አላጋለጥኳቸውም። ጉሙ ወረደ፣ በቅሎዎቹ ቆሙ፣ ልጅቷ ቀደመች። አያ ስጦት ጨርቁ ላይ ውሃ ሊረጩ ሲያቋርጡ ወጉ እንዳይበርድ ፈራሁና እኔ ቀጠልኩት። «ዝም ስትል ግን» አልኩ፣ «እሷም ትፈራ ነበር።» ይህን እሳቸው ነግረውኝ አያውቁም፤ ከየት እንዳመጣሁትም አላውቅም። ዘፋኟ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «እኔም መድረክ ላይ ከመውጣቴ በፊት እንደዚያው ነኝ» አለች ቀስ ብላ። አያ ስጦት በፍሙ ብርሃን አዩኝ። እርቅ የሚባል ቃል በመካከላችን አልተነሳም፤ ታርቀን ነበር።

በነጋታው አባቴ ገባና ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ስም ልትቀይሪ ነው አሉ» አለኝ። «ተወው» አልኩት። ምን እንደሆንኩ ጠየቀ፤ እናቴ «ተወው አለችህ አይደል፣ ተወዋ!» አለችው። ተተወ።

እነሆ ዛሬም አንጓች ነኝ። ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ዘፋኟ፣ አሁን ትልቅ ሴት ሆናለች፣ በቴሌቪዥን ቀርባ ስለ ስሟ ተጠየቀች። «ከኔ በፊት ሊማሊሞ ላይ ያዜመች አንጓች ነበረች» ብላ ወጉን አንድ ሳይቀር አወራችው። ጠያቂው «ይህ የማይታወቅ ታሪካችን ነው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። በሳምንቱ «አንጓች የተባሉ ዝነኛ ሴቶች» የሚል ጽሑፍ በሰው ሁሉ ስልክ ይዞር ጀመር። የሊማሊሞዋ አንደኛ፣ ዘፋኟ ሁለተኛ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩና ስልኬን ይዤ ወደ አራዳ ወረድኩ።

ስፌት ቤቱን ልጃቸው ይዞታል፤ ካውያውም የኤሌክትሪክ ሆኗል። አያ ስጦት ዓይናቸው ደክሞ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩላቸው። ጉሙ ጋ ስደርስ ስልኩን አስቀምጬ በቃሌ ነገርኳቸው። ወደኔ ዘንበል ብለው፣ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ አፋቸውን ከፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ኧረ ሸጋ ሴት!» አሉ። «እውን ነበረች?»

ረስተውታል። እሳቸው ራሳቸው እንደነገሩኝ ልነግራቸው ነበር፤ ፊታቸውን ሳየው ተውኩት።

«ነበረች፣ አያ።»

«ማን አልሽኝ ስሟን?»

«አንጓች።»

«እ!» ብለው ጉልበታቸውን መቱ፤ ጠፍቶ የኖረ ዘመድ እንዳገኙ ሁሉ ፊታቸው በራ። «ሞክሼሽ ናታ!»

«አዎ፣ ሞክሼዬ ናት» አልኳቸው፤ ስናገረውም የምዋሽ አልመሰለኝም።