አባቴን የተከተሉት የእሳት እራቶች

ባለፈው እሑድ አሌክሳንድሪያ፣ ከቤታችን ጀርባ ያለውን ኦክ ዛፍ ስደገፍ ጣቴ አንድ ለስላሳ ነገር ነካ። አውራ ጣት የሚያህል፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ፣ እንደ ድመት ጆሮ የሚለሰልስ ነገር። ወዲያው አወቅኩት፤ የእሳት እራት እንቁላሎች ክምር ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በገዛ ሆዷ ፀጉር ሸፍና ትሞታለች። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ብቻዬን ቆሜ ፊቴ በእፍረት ጋለ።

ያን ሲያስተምረኝ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር። አባቴ አገር ቤት ለብዙ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረ ሰው ነው። እዚህ መጥቶ ፓርኪንግ ሲሠራ ቆየና፣ በዚያ ሰመር የኦክ ቅጠል የሚጨርሱትን የእሳት እራቶች ለመቁጠር ወጥመድ የመስቀል ሥራ አገኘ። ደስታው ያስታውቅ ነበር። ራት ላይ፣ እናቴ «ኧረ እህል እንብላበት» እስክትለው ድረስ ስለ እነሱ ያወራልናል። ሴቷ ክንፍ አላት እንጂ አትበርም። ግንድ ላይ ተቀምጣ ጠረኗን ለነፋስ ትለቃለች፤ ወንዱ በጠራራ ፀሐይ ከሩቅ፣ ወዲያና ወዲህ እየዋለለ ይመጣላታል።

«አያያትም እኮ» ይለን ነበር። «በጠረን ብቻ ነው ፈልጎ የሚያገኛት።»

ወጥመዱ ውስጥ የሚያስገባው በፋብሪካ የተሠራ የሴቷን ጠረን ነበር። ለሰው አይሸትም። እናቴ ሸሚዙን ደጋግማ ብታጥበውም ግን አይለቅም፤ የእሳት እራቶቹ ያገኙታል።

እኔ በዚያ ሰመር ፓርክ ውስጥ፣ ትምህርት ሲዘጋ ልጆች የሚውሉበት ካምፕ እውል ነበር። ጠዋት በር ድረስ የሚያደርሰኝ አባቴ ነው፤ ቀድመን ስለምንደርስ አይቶን የሚያውቅ ልጅ የለም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አስተማሪያችን መሰላል ላይ ወጥመድ የሚሰቅል ሰው አየችና እንዲያስረዳን ጠራችው። አባቴ ነበር። ሲያየኝ ፈገግ አለ።

ልክ አገር ቤት ክፍል ውስጥ እንደሚያደርገው እጁን አጣምሮ፣ በዚያ በሚሰባበር እንግሊዝኛው ጀመረ። ሴቷ እንዴት እንደምትጠራ፣ ወንዱ እንዴት እንደሚደርስ፣ እንዴት እንደሚገናኙ። ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ። ከዚያ አንድ ቡናማ የእሳት እራት ኮሌታው ላይ አረፈ። ሌላም መጣ። ወዲያው አራት አምስት ሆነው ደረቱ ላይ ይርገፈገፉ ጀመር።

«ሴት መስሏቸዋል» አለ አንድ ልጅ።

«ልክ ነህ፣ ጎበዝ» አለው አባቴ፣ ተማሪ በትክክል እንደመለሰለት አስተማሪ ደስ ብሎት። ሣቁ እንደገና ፈነዳ። አጠገቤ ያለችው ጓደኛዬ ጎንተል አደረገችኝና «የእናንተ አገር ሰው ነው? ታውቂዋለሽ?» አለችኝ።

«አላውቀውም» አልኳት።

አባቴ አልሰማም። አንዱን የእሳት እራት በጥንቃቄ መዳፉ ላይ አድርጎ ወደ እኔ መጣና በአማርኛ «ነይ እስቲ ልጄ፣ አንቺ ያዢው» አለኝ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በእንግሊዝኛ «የምትለው አይገባኝም» አልኩት።

እጁን እንደዘረጋ ቆየ። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ ጭቃ የነካውን የሥራ ጫማውን ብቻ ነበር የማየው። ከዚያ ለአስተማሪዋ ቀስ ብሎ «ይቅርታ፣ የማውቃት ልጅ መስላኝ ነው» አላት።

ያን ዕለት እናቴ ቀኑ እንዴት እንደዋለ ስትጠይቀው «ጥሩ ነው፣ ልጆቹ በደንብ ሰሙኝ» አላት። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መኪናውን ከፓርኩ በር አንድ ብሎክ ቀደም ብሎ፣ የመንገዱ ማዕዘን ላይ አቆመ። «እዚህ ይሻልሻል» አለኝ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። ወረድኩ። ትምህርት ቤት ሲከፈትም እንደዚያው፤ ሃይስኩልም እንደዚያው። ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላውን ይሰጠኛል እንጂ ከዚያ አልፎ ቀርቦ አያውቅም። እኔም አንድ ቀን በር ድረስ አድርሰኝ ብዬ አልጠየቅኩትም። አሁን አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

ሃይስኩል የተመረቅኩ ቀን እናቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀምጠን በመኪናው ሄድን። አባቴ ሱፉን ለብሶ ነበር። እንደ ወትሮው ከትምህርት ቤቱ በር ራቅ ብሎ ማዕዘኑ ላይ አቆመ።

«ምነው፣ ዛሬ እንኳ በር ድረስ አታደርሳትም?» አለችው እናቴ።

«እሷ እዚህ ነው የምትወደው» አላት።

በመስታወቱ ዓይን ለዓይን ተያየን። የሆነ ነገር እስክል ትንሽ ጠበቀኝ። እኔ ግን ጋውኔን ሰብስቤ ወረድኩና ቀድሜያቸው ሄድኩ።